በአሲድ የተበየደው ጊታር

በዚያን ጊዜ በጎባ ከተማ ራዲዮ የምጠግነው እኔ ደምመላሽ ብቻ ነበርኩ፤ ይህም ልቤን አሳብጦት ነበር። የእህቴ የይርጋለም ሠርግ ለጥር 1963 ሲቆረጥ፣ በገዛ እጄ የኤሌክትሪክ ጊታር ሠርቼ አማቾቻችንን አፍ አስከፍታለሁ ብዬ ተነሣሁ። እንጨቱን ጠረብኩ። ማግኔት ከአሮጌ የስልክ መስሚያ አወጣሁና ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩበት። ድምፁ የሚወጣው በባለባትሪ ራዲዮዬ በኩል ነው።

የቀረው ብየዳው ነበር። ቆርቆሮ በያጁን አቶ ተሰማን፣ ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባውን አሲድ ለመንኳቸው።

«ይሄ ለባልዲና ለጣሳ ነው ልጄ፤ ቀጭን ሽቦ ይበላል። ለዚያ የጥድ ሙጫ ይሻልሃል» አሉኝ።

ሙጫ ይጨሳል፣ ሥራ ያዘገያል። ደግሞስ ባልዲ የሚደፍን ሰው ነው እኔን የሚያስተምረኝ? በልቤ ሳቅሁባቸው። መበየጃዬን ከሰል ላይ አግዬ በአሲዱ በየድኩት።

በሠርጉ ቀን የተጫወተው የሮቤው ጓደኛዬ ለሜሳ ነበር፤ ጣቶቹን ክራር ያፍታታቸው ልጅ። ሁለት ዘፈን አምሮ ወጣ። በሦስተኛው ላይ ጊታሩ ተንጫጫና ጭጭ አለ። የሙሽራው አጎት ባላምባራስ ኃይለየሱስ «ሠሪው የት አለ?» አሉ። የዳሱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ «ሥራውስ ደኅና ነበር! ለገጠሬ እጅ ሲሰጡት ነው እንዲህ የሚሆነው!» ብዬ ጮህኩ።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ለሜሳ ጊታሩን ወንበር ላይ በቀስታ አጋድሞ ወጣ፤ ምሳ እንኳ አልበላም።

በማግስቱ የጊታሩን የኋላ ክዳን ፈታሁት። የበየድኩት ቦታ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ፣ ሽቦው ተበልቶ ተበጥሷል፤ ልክ አቶ ተሰማ እንዳሉት። አጠገቡ ግን እኔ ያላስገባሁት ነገር ነበር። የተጣጠፈ የሲጋራ ብርማ ወረቀት፣ የላላውን ሽቦ ከብየዳው እንዲያገናኝ ተወትፏል። ከእኔ ሌላ ጊታሩን የነካው ለሜሳ ብቻ ነው።

ረቡዕ ሮቤ ወረድኩ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ገባሁ። ለሜሳ እንዳልተቀየመ ሰው «አካም ጅርታ?» ብሎ ተቀበለኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሳልጀምር ተንኮሻኮሸብኝና ከፈትኩት። ልነግርህ ስመጣ፣ ለአማቾችህ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት እያልክ ታወራለህ። ሰው ፊት ላዋርድህ? ወረቀት ወተፍኩበትና ዝም አልኩ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ ስል በእጁ ከለከለኝ።

«የሰደብከኝ እዚህ አይደለም ደምመላሽ። እሑድ መልስ ስትጠሩ እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። እዚያ ተናገርልኝ።»

«በእመቤቴ!» ብዬ ማልሁለት።

እሑድ ሁሉም መጡ። የምናገረውን ከረቡዕ ጀምሬ ሳጠና ነበር። ባላምባራስ ብርሌያቸውን አስቀመጡና «ያ ገጠሬ ያበላሸው ጊታር ተጠገነ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰዉ ፈገግ እያለ መልሴን ለመስማት ጸጥ አለ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

«ተጠግኗል ጌታዬ» አልኩና፣ ለለሜሳ የማልሁትን ውጬ ብርሌያቸውን ሞላሁላቸው።