ናቩኒዋይ ውስጥ ማንም አልሞተም

ዩኒቨርሲቲው ወረርሽኙ በመንደሮቻችን ላይ ያደረሰውን ሲያጠና፣ ጠያቂዎቹን ለየመንደሩ የደለደለው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ስለ ታኡቩ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ እኔን ናቩኒዋይ የምትባል መንደር መደበኝ።

የደሴቴ ሰዎችና የናቩኒዋይ ሰዎች ታኡቩ ነን። የጥንት አባቶቻችን አንድ መንፈስ ያመልኩ ነበር ይባላል፤ ከዚያ ሁሉ ለእኛ የተረፈን መሰዳደብ ነው። እነሱ እኔን፣ እኔ እነሱን፣ አለቃ ሳይቀር፣ አፋችን ያመጣልንን እንናገራለን። ዓይናችን ያረፈበትን ዕቃ አንስተን እንሄዳለን። መቀየም ነውር ነው፤ የተቀየመ ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ይሆናል። ታኡቩን በቁም ነገር ማናገር ደግሞ እንደ ኩራት ይቆጠራል። እንግዲህ ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ ተስፋ መቁረጥ ልጠይቅ የተላክኩት እነዚህ ሰዎች ዘንድ ነው።

ይህንኑ ለጥናቱ ኃላፊ ለዶክተር ማርጎት አስረዳኋት። የብሪዝበን ሰው ናት፤ ደግ ናት፤ ፊጂ ከመጣችም ቆይታለች። ከሰዎቹ ጋር መቀራረቤ ለጥናቱ ይጠቅማል አለችኝ። እኔ የፈለግኩት ሥራ እንጂ ክርክር አልነበረምና ጀልባ ተሳፈርኩ።

ለአለቃው ለራቱ ኢኖሲ የእንግድነት ያንጎናዬን፣ ከተወቀጠ ሥር የሚዘጋጀውን መጠጥ፣ አቅርቤ፣ ጠጥተን፣ የሥርዓቱ ጭብጨባም አልቆ ወደ በሩ ስመለስ ጫማዬ የለም። አንዲት ሴትዮ ተጫምታው ትሄዳለች፤ ዞር ብላም አላየችኝ። እኔም የአለቃውን ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ጥናቱ በዚህ መልኩ ተጀመረ።

ከወረርሽኙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ጀልባሽን ካየን ወዲህ አጥተናል ይሉኛል። ማሽተት አቅቶት ያውቅ እንደሆነ የጠየቅኩት ሽማግሌ፣ አቅቶት እንደነበር፣ እኔ ስገባ ግን እንደተመለሰለት ነገረኝ። ያንጎና በአንድ ቅል መጠጣት በተከለከለበት ጊዜ ምን አደረጋችሁ ስላቸው፣ ሁሉም ሰው በራሱ ኩባያ ይጠጣ ነበር አሉ፤ ኩባያ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ተስፋ ትቆርጪያለሽ ወይ ያልኳት ወጣትም የደሴቴን ወንዶች ባየች ቁጥር እንደምትቆርጥ አስመዘገበች። ታብሌቱ የሚቀበለው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ስለሆነ አዎ፣ አዎ እያልኩ ሞላሁ።

ያልቀለደብኝ ቪሊሞኔ ብቻ ነው። ደጁ ላይ ተቀምጦ መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ነው፤ «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» ሲለኝ ደነገጥኩ። ከናቩኒዋይ ሰው አፍ ልጄ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። የጠየቅኩትን ሁሉ አስቦ መለሰ። ከዚህ ቤት በበሽታው የሞተ ሰው አለ ወይ ስለው የለም አለ። ታብሌቱም የሞት ጥያቄዎቹን በሙሉ ዘሎ ስለ ጎደሬ ማሳው መጠየቅ ጀመረ።

«ሌላ የሞት ጥያቄ የለውም?» አለኝ።

«የለውም፣ አባባ።»

«ባለቤቴ ሴሩዋያ ያን ጊዜ ነው የሞተችው። በበሽታው አይደለም። ግን ትቆጠርልኝ።»

ከዚያ ነገረኝ። ወረርሽኙ አገር ሲገባ የመንደሩ ወንዶች በራቱ ኢኖሲ ትእዛዝ ትልቅ ግንድ ቆርጠው የመንደሩን መግቢያ ድልድይ ዘጉበት። ወጪም ገቢም ቀረ። በሽታውም በእውነት አልገባም፤ መንደሩ እስከ ዛሬ በዚህ ይኮራል። ሴሩዋያ ስኳር ነበረባት፤ እግሯ ቆስሎ አመረቀዘና ትኩሳት ጣላት። ጤና ጣቢያው ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው። ቪሊሞኔ በእጅ ጋሪ አስተኝቶ ወሰዳት። ጠባቂዎቹ የወንድሞቹ ልጆች ነበሩ፤ አዘኑላት፤ ያለ ራቱ ፈቃድ ግን አይሆንም አሉ። ሰው ተላከ። ራቱ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ብሎ መለሰ። ሌላ ሰው ተላከ። ወሬው ተሰምቶ መንደርተኛው ድልድዩ ጋ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻ ራቱ ራሱ መጣና በሉ አንሱት አለ። ግንዱ ሲነሳ የሴሩዋያ ሕይወት አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አፉን የከፈተ የለም። በራቱ ላይ አይነገርም፤ ቪሊሞኔም ነገ ዓሣ የሚያጠምደው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው። ካሳ አልጠየቀም፣ ይቅርታ ጠይቁኝም አላለም። ወረርሽኙ የቀጠፋቸው ሲቆጠሩ ሚስቱ በስኳር ሞተች ተብላ መታለፏ ነው ያንገበገበው። እኔንም አንገበገበኝ።

ለዶክተር ማርጎት ደወልኩላት። በመንገድ መዘጋት ሕክምና ዘግይቶበት የሞተ ሰው በጥናቱ ይቆጠራል፣ ነገር ግን ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ የዓይን ምስክር ያስፈልጋል አለችኝ። ምስክር ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርኩ። የምን ግንድ? ግንድ ያልሽው ወንድምሽን ነው? እያሉ ሳቁብኝ። ታኡቩ በመሆኔ መዋሸት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ቀልዱ በቃቸው።

ጥናቱ አልቆ ዶክተር ማርጎት ውጤቱን ለመንደሩ ልታቀርብ መጣች። እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አዳራሹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ የያንጎናው ገበቴ መሃል ላይ ነው። እሷ ታነባለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ናቩኒዋይ በእንቅልፍ ማጣትና በተስፋ መቁረጥ ከተጠኑት መንደሮች ሁሉ አንደኛ ወጥታለች። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ዶክተሯ ግራ እንደተጋባች ቀጠለች፤ በሌላ በኩል እዚህ መንደር በወረርሽኙ ምክንያት ማንም አልሞተም፣ አለቃውም ሊመሰገኑ ይገባል አለች። ራቱ ኢኖሲ እንግሊዝኛው ገብቶት፣ ሳልተረጉመው ራሱን ነቀነቀ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ቪሊሞኔ ምንጣፉን ያያል።

አለቃ ተቀምጦ ሰው አይቆምም፤ ታኡቩ ግን ይቆማል። ተነስቼ ቆምኩ።

«ኢኖሲ» አልኩት፣ ራቱ የሚለውን ማዕረግ ትቼ። «አንተ የግንድ አለቃ። ድልድዩን እንኳ አሳምረህ ዘግተኸዋል። በሽታው መግባት አቃተው፣ ሴሩዋያ ደግሞ መውጣት አቃታት። ጋሪ ላይ ተኝታ ፈቃድህን ስትጠብቅ ሞተች። አሁን ማንም አልሞተም ሲሉህ እንደ እንሽላሊት ራስህን ትነቀንቃለህ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ታኡቩ ሲሳደብ መሳቅ ግዴታ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ራቱ ኢኖሲ ነበር። ከዚህ በኋላ ተራው የእሱ ነው፤ በደሴቴም በአፍንጫዬም በአባቴም ቢመጣ መብቱ ነው። ሰዉ ስድቡን ጠበቀ። ራቱ ግን ወደ በሩ አየ። ቪሊሞኔ አልሳቀም ነበር።

«የጎደለሽ ምስክር ነው?» አለኝ ራቱ።

«አዎ።»

«እኔን ጻፊኝ። ግንዱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲላክልኝ እንቢ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሳቁ ምን ሆኖ እንደቆመ ዶክተር ማርጎት በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ከሟቾቹ አንድ ጎድሎብሻል አልኳት። ታብሌቱን ይዤ ሄጄ ቪሊሞኔ ፊት ተቀመጥኩ። ቤትህ እንሂድ ወይ ስለው እዚሁ ይሁን አለ።

ያኔ የተዘለሉትን ጥያቄዎች እያነበብኩለት ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሕመሟን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ። የመጨረሻው ጥያቄ ሟች ሕይወታቸው ሲያልፍ አጠገባቸው ሰው ነበር ወይ የሚል ነው።

ቪሊሞኔ ቀና ብሎ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየ።

«ሁሉም ነበሩ» አለ።