የሻይ ማንኪያዋ

ባሌን ስትሮክ ከመታው በኋላ መዋጥ አቃተው። ከሆስፒታል ያወጣሁት በአፍንጫው ገብታ ሆዱ ድረስ ከምትዘልቅ ቀጭን ቱቦ ጋር ነው። ነርሷ በሩ ድረስ ሸኝታን፣ "በአፉ ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳትሰጡት፤ ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። ሦስት ወር ከታገሣችሁ ጉሮሮው ሊመለስለት ይችላል" አለችን።

በቀን አምስት ጊዜ ወተት የመሰለውን ፈሳሽ በትልቅ ሲሪንጅ ቱቦው ውስጥ እጨምርለታለሁ። አማቴ አልጋው ግርጌ ተቀምጠው ያዩኛል።

"አሁን ይሄ በላ ይባላል?"

"በላ እንጂ፣ እማማ። ቅባቱም ፕሮቲኑም አለው።"

"መኪና ነው እንዴ ነዳጅ የምትሞዪው?"

ባሌ በደህናው ከንፈሩ ሳቀ።

ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ዛፍ ያለ አፍ ከአፈር እየሳበ እንደሚያድግ፣ ኮሶ ትል እንኳ አፍ ሳይኖረው በቆዳው መጥጦ እንደሚኖር ለአማቴ ነገርኳቸው።

"የኔ ልጅ ዛፍ አይደለም" አሉኝ። "ትልም አይደለም። እኔ ያጠባሁት በአፉ ነው።"

በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አንዲት የሻይ ማንኪያ አገኘሁ። የካሮት ሾርባ ትሸታለች። ባሌ አገጭ ላይ ትንሽ ነገር ደርቋል። ከታመመ ወዲህ ዓይኑ እንዲያ በርቶ አላየሁም። ላናግረው ስል እጄን ያዘና ራሱን በዝግታ ወዘወዘ።

አገጩን ጠረግሁ። ማንኪያዋን አጥቤ ቦታዋ መለስኳት። በማግስቱም ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ነበረች፤ አሁንም አጠብኳት።

እሑድ አተኮሰው። ሆስፒታል ስንደርስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚንቦጫቦጭ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና ወደ እኛ ዞረ።

"በአፉ የሰጠው ሰው አለ?"

አማቴ የሹራባቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"መምህር አይደሉም እንዴ እርስዎ?"

"ነኝ።"

ረቡዕ ጠዋት ሞተ።

ከቀብር በኋላ አማቴ እህል የሚባል አልቀምስ አሉ። ሰው ሁሉ ለመናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በአራተኛው ቀን፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ሾርባ ሠርቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማንኪያዋን ሲያዩ አወቋት።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እጄ እስኪዝል ድረስ ማንኪያዋን አላወረድኩም።

"ይክፈቱ፣ እማማ" አልኳቸው።