አንዱን ብቻ የምታሳልፍ በር

"አንድ!" አለ ባልየው፣ ማሽኑ የተፋውን እሽግ ከመቀበያው ላፍ አድርጎ። "አንድ ብቻ! እሰይ የኔ እህት! እሰይ!"

ያጨበጭባል ደግሞ። ንድፍ አውጪዋ ሚስቱ ከጀርባው ቆማ ብሎን ትለያለች፤ ለነገሩ የምትለይ ትመስላለች። የዛሬ ስንት ዓመት እሷ የሠራችው የመጀመሪያ ማሽን ሲሸጥ ይኸው ሰውዬ ያላት፣ "ደህና ነው፣ ቀለሙ ግን ትንሽ ፈዘዘ" ነበር። ጭብጨባውን ስትሰማ አንጀቷ ቅጥል አለ። በባል እህት መቅናት ደግሞ ለማን ይነገራል? ውሽማ ብትሆን እንኳ ጎረቤቱ ከንፈሩን ይመጥላት ነበር።

እህትየዋን ቤተሰቡ ሚጢ ይላታል፤ ቁመቷ ግን ወንድሟን ያስንቃል። ምህንድስና ጨርሳ እዚህ ወርክሾፕ ከገባች ወዲህ ወንድምየው ሌላ ወሬ የለውም። ሚጢ እንዲህ አለች፣ ሚጢ እንዲያ አሰበች። ሚስት ደግሞ ትሰማለች።

ወርክሾፑ ሳንቲም ሲገባባቸው ዕቃ የሚሰጡ ማሽኖች ይሠራል። የአሁኑ አንድ ትምህርት ቤት ያዘዘው፣ ለሴት ተማሪዎች የንጽህና መጠበቂያ የሚያድል ነው። እሽጎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። ንድፍ አውጪዋ እንደለመደችው በጥቅል ሽቦ መሐል ሰክታቸው ነበር። ሽቦው ሲዞር ጠፍጣፋው እሽግ ይታጠፍና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወራት ታገለችው። ሚጢ መጣችና ሽቦውን አውጥታ ጣለች። እሽጎቹን እንደ መጽሐፍ አነባብራ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው፤ ከሥር የታችኛውን የሚገፋ ሳህን፣ ከፊት ደግሞ አንዱን አሳልፋ ሁለተኛውን የምታስቀር ጠባብ በር። በቃ፣ ይኸው ነው። ንድፉ ቀላልና ቆንጆ ነበር፤ ንድፍ አውጪዋን ያንገበገባትም ቆንጆነቱ ነው። መጥፎ ቢሆንማ ትወዳት ነበር።

ትናንት ማታ ባሏ ጫማውን እያወለቀ፣ "ነገ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር መጥታ ማሽኑን ከወደደችው ንድፉን ሁሉ ለሚጢ እንተውላት" አላት። "አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። ቢሮውን ትይዣለሽ፣ ስልክ ታነሻለሽ።"

"ደከመኝ አልኩህ?"

"ኧረ ላንቺ ብዬ ነው!"

ላንቺ ብዬ! በዚህች ቃል ስንቱ ሰው ከሥራው ተሸኝቷል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ከትምህርት ቤቱ ካርቶን ተላከ። ተማሪዎቹ የሚጠቀሙበት እሽግ ነው፤ ርዕሰ መምህሯ ስትመጣ ሙከራው በዚህ እንዲሆን ፈልጋለች። ንድፍ አውጪዋ ካርቶኑን ከፍታ አንዱን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷ ሰመጠ፣ እሽጉም ተመልሶ ተነፋ። አየር አለበት። ወዲያው ገባት። እነሱ ሳምንታት ሙሉ ሲሞክሩ የከረሙት በእነዚያው አሮጌ እሽጎች ነው፤ እየገቡ እየወጡ፣ የላይኛው ሲጫናቸው ውሎ ሲጫናቸው አድሮ፣ እንደ ደብዳቤ ሳስተዋል። ሚጢ የበሯን ከፍታ የለካችው በነዚያ ነው። አዲሱ በዚያች በር አያልፍም።

"እትዬ፣ እሽጎቹ እንዴት ናቸው?" አለች ሚጢ ከወዲያ ማዶ።

"እሽግ ናቸዋ፤ ምን ይሆናሉ?"

ሚጢ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። "ፈርቻለሁ እኮ። አንቺ የመጀመሪያሽ ጊዜ ፈርተሽ ነበር?"

"እኔ? ምን ያስፈራኛል!" አለቻት። በዚያን ጊዜ ሽንት ቤት ገብታ ስታስመልስ ያያት ሰው አልነበረም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ እሽጎቹን ሳጥኑ ውስጥ አንድ በአንድ ደረደረች።

ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ፣ ሰዓቷን እያየች ገባች። ባልየው ወንበር አቀረበ፣ አልተቀመጠችም። ሳንቲሟን ከተተች። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሳህኑ ገፋ፣ ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ፤ የእሽጉ ጫፍ በበሯ ሥር ብቅ ብሎ ተቀረቀረ።

"አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪ አንዴ ይድገሙት" አለ ባልየው እየሳቀ።

ደገመችው። ምንም የለም። ባልየው የማሽኑን ጎን በመዳፉ መታው። ሚጢ ፊቷ አመድ መሰለ። ንድፍ አውጪዋ ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት።

"ይኸውላችሁ" አለች ርዕሰ መምህሯ፣ መነጽሯን እያወለቀች፣ "ይሄ የሚቀመጠው የልጆቹ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ሲቀረቀርባት ሰው ጠርታ፣ 'እባካችሁ አውጡልኝ' የምትል ልጅ የለችኝም። አፍራ ቤቷ ትሄዳለች። በነጋታውም ትቀራለች።"

ንድፍ አውጪዋ እልልታዋን ዋጠችው። እስካሁን ልጆቹን አላሰበቻቸውም ነበር፤ ሚጢን ብቻ ነበር የምታየው።

ባሏ ዞረ። ወደ እህቱ ግን አይደለም። "በናትሽ፣ እስኪ እይው" አላት ሚስቱን።

ካቻቢቴ አነሳች። አንድ አዲስ እሽግ ከበሯ ሥር ሸጉጣ፣ ሁለቱን ብሎኖች እያላላች በሯን ከፍ አደረገች፤ እሽጉ በልኩ ሲንሸራተት አጠበቀቻቸው። ሳንቲም ገባ፣ አንድ ወጣ። ሌላ ሳንቲም፣ ሌላ እሽግ። ርዕሰ መምህሯ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ዝርዝር እስክትጨርስ ሞከረችው፤ አንዴም ሁለት አልወጣ፣ አንዴም አልተቀረቀረ።

"ጎሽ! አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"ባለቤቴ ናት!" ብሎ ባልየው ትከሻዋን አቀፋት። "ሁልጊዜ እላለሁ፣ የዚህ ወርክሾፕ አንጎል እሷ ናት።"

ሁልጊዜ! መቼ ነው ያለው? ያም ሆኖ ጣፈጣት። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው፤ ዝም ብትል የራሷ ሆኖ ይቀራል። ሚጢ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ተነጥቃም የእኔ ነው አላለችም። ርዕሰ መምህሯ እጇን ለሰላምታ ዘርግታለች።

"የእሷ ነው" አለች ንድፍ አውጪዋ፣ ወደ ሚጢ በአገጯ እያመለከተች። "የእኔውማ ሽቦ ነበር፣ አልሆነም። አዲሱ እሽግ እንደማያልፍ ግን ጠዋት አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልኳት።"

የባሏ እጅ ከትከሻዋ ወረደ። "ምን ማለትሽ ነው?"

"ቀናሁባታ! ሌላ ምን ማለት አለው?"

ርዕሰ መምህሯ ሳል ሳል አላትና ካርቶኑን መመርመር ጀመረች። ሚጢ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ንዴትም አለበት።

"ደግሞ ስልክ አላነሳም" አለች ንድፍ አውጪዋ ባሏን። "ንድፉ ላይ እሷም ትሠራለች፣ እኔም እሠራለሁ። ደስ ካላለህ አንተ እረፍ።" ከዚያ ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል ለሚጢ ዘረጋችላት። "እንኪ። በሯን መልሰሽ ዝቅ አድርጊያትና በአዲሱ እሽግ ራስሽ ለኪያት። ቅድም እኔ ስለካ አቀርቅረሽ ነበር፣ አላየሽም።"

ሚጢ ካቻቢቴውን ተቀበለች። አመሰግናለሁ ግን አላለችም።