የማይፈታው ዘለበት

ማርሊስ የእንስሳት ዕቃ መሸጫውን በር በክርኗ ገፍታ ገባች። በእጇ የጨበጠችው በመቀስ የተቆረጠ ሰማያዊ የድመት አንገት ማሰሪያ ነበር። ከሁለት ሰዓት በፊት ወንድ ድመቷን ኦቶን በዚሁ ማሰሪያ የጓሮው ሽቦ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አግኝታዋለች። በኋላ እግሮቹ ሽቦውን ይቧጥጥ ነበር፤ ድምፅ ግን አይወጣውም ነበር። እስካሁን ደሟን የሚያፈላው ያ ዝምታው ነው። በስድሳ ሁለት ዓመቷ፣ አንድ እግር ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ፣ መቀስ ፍለጋ ወጥ ቤት ድረስ ሮጣ ተመልሳለች።

የእንስሳት ሐኪሙ ጉሮሮው ክፉኛ አብጧል ብሏታል። "እስከ ማታ ትንሽ ነገር ከዋጠ ይተርፋል። ካልዋጠ መልሰሽ አምጪው፤ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም።" ቤት ስትደርስ ባሏ ዌንደል ከሐይቁ ገና መመለሱ ነበር። ኦቶን በፎጣ እንደተጠቀለለ አስታቀፈችውና መረቅ አቅምሰው ብቻ ብላ መኪናዋን አዙራ ወደ ሱቁ መጣች።

"አርዲስ፣ ነይ ውጪ" አለች። "ይሄን ማሰሪያ ሲጎተት በራሱ ይፈታል ብለሽ ነው የሸጥሽልኝ። አፍሽን ሞልተሽ። ድመቴን አንቆ ሊገድልብኝ ነበር።"

አርዲስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱቁን የያዘች፣ ሰው ሲጮህባት ድምፅዋን የምትቀንስ ሴት ናት። ይሄ ማርሊስን ይብስ አበገናት። በከተማቸው በዱሉዝ ሰው የሚቆጣው ይቅርታ እየጠየቀ ነው፤ ማርሊስ ዛሬ ለዚያ ትዕግሥት የላትም።

"ኦቶ በሕይወት አለ?" አለች አርዲስ።

"አለ። እንዴት እንዳለ አትጠይቂኝ።"

"እስቲ ማሰሪያውን አምጪው።"

አርዲስ አንድ ልማድ አላት። ሲጎተት ይፈታል ተብሎ የመጣላትን የድመት ማሰሪያ ሁሉ ከባንኮኒው ጎን ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅልና ባለ አምስት ፓውንድ፣ ሁለት ኪሎ ከምናምን የሆነ የዱቄት ከረጢት ታንጠለጥልበታለች። ዘለበቱ ተፈቶ ከረጢቱ ከወደቀ ይሸጣል፤ ካልተፈታ ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። ከሱቁ ወለል ላይ ነጭ ዱቄት የማይጠፋው ለዚህ ነው። አሁንም የተቆረጠውን ጫፍ በሲባጎ ቋጠረችና ሰቀለችው። አልተፈታም። ሁለተኛ ከረጢት ጨመረችበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ የኦቶን ክብደት ያህላሉ። አሁንም አልተፈታም።

"አየሽ?" አለች ማርሊስ።

አርዲስ መነጽሯን አድርጋ ዘለበቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። "ማርሊስ፣ ይሄን በማስቲሽ ያጣበቀው ማነው?"

ማርሊስ አየችው። በዘለበቱ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ቢጫ ነገር አለ። ያንን ቢጫ ታውቀዋለች። ዌንደል በየዓመቱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን የሚጠግንበት ነው። የስኒ ጆሮ አጣብቆበታል፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ አጣብቆበታል፣ የመነጽሯን እጀታ አጣብቆበታል። በዚያ ቤት ያላጣበቀው የእሷን አፍ ብቻ ነው።

ሰው ፊት እንደዚህ አፍራ አታውቅም። "በከንቱ ነው የጮህኩብሽ" አለች፣ ዱቄቱን እያየች።

"ተይው። ይልቅ ሌላ ምረጪ።"

ማርሊስ ባለ ቆዳውን አነሳች። "ይሄስ?"

"እሱ የውሻ ነው፤ ሰማይ ቢደፋ አይፈታም።"

"ይሄ ላስቲክ ያለውስ?"

"ይለጠጣል። የፊት እግሩን ያሾልክበትና ብብቱ ሥር ገብቶ ቆዳውን ይበላዋል። የሚሻልሽ ያው የበፊቱ ዓይነት ነው። ስታስሪው ሁለት ጣትሽ በማሰሪያውና በአንገቱ መሀል ይግባ፤ ከዚያ አይጥበቅ፣ አይላላ።"

ማርሊስ አላመነቻትም፤ ዛሬ ራሷንም አላመነችም። ሦስት ማሰሪያ አንድ በአንድ በገዛ እጇ ሰቅላ፣ ከረጢቱ ቶሎ የወደቀበትን ቀዩን ይዛ ወጣች።

ቤት ስትገባ ዌንደል ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ኦቶን አቅፎ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው የዓሣ መረቅ አልተነካም። ሰማያዊውን ማሰሪያ ከነዘለበቱ እግሩ ሥር ወረወረችው።

"ክፈተው።"

"ምን ሆነሻል?"

"ክፈተው አልኩህ።"

በሁለት አውራ ጣቱ ታገለ፤ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ታገለ። አልተከፈተም።

"ለኦቶም አልተከፈተለትም" አለችው። "እሱ ደግሞ አውራ ጣት የለውም።"

ዌንደል መጀመሪያ ዘለበቱን፣ ቀጥሎ ድመቱን አየ። "ማሰሪያው እየወደቀ አስቸገረኝ እኮ፤ ለዚያ ነው ያጣበቅኩት" አለ። "ስልክ ቁጥራችን ያለው እዚያ ላይ ነው። ባለፈው በረዶ ሲጠፋ ዘጠኝ ቀን ስሙን እየጠራሁ የዞርኩት እኔ አይደለሁም? በዚህ በጋ ብቻ አራት ጊዜ ወድቆ አግኝቼ መለስኩለት። አንቺስ ብትሆኚ፣ እርባና የሌለው ዕቃ ነው አላልሽም?"

ብላለች። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ዳቦ እያላመጠች ብላለች።

"የት ነበር የምታገኘው?"

"አጥሩ ላይ።"

"አጥሩ ረጅም ነው፣ ዌንደል። የቱ ጋ?"

"ጥጉ ላይ ነዋ። የሽቦው ጫፍ የወጣበት ጋ። አራቱንም ጊዜ እዚያው..." አለ።

ነገሩ ሲገባው ከፊቱ ላይ አነበበችው። ኦቶ አራት ጊዜ እዚያ ሽቦ ላይ ተሰቅሏል፤ ዘለበቱ አራት ጊዜ ለቆት፣ እሱም እራቱን ሊበላ ቤቱ ገብቷል። እነሱ ደግሞ ዕቃውን ሥራውን በመሥራቱ ሲሰድቡት ከረሙ። ማርሊስ በጥፊ ልትለው እጇን በላት፤ ሁለተኛው ጥፊ የራሷ እንደሆነም አወቀች።

"አንተ ደደብ" አለችው። "እኔም ካንተ አልሻልም።"

ዌንደል ኦቶን ለእሷ ሰጥቶ ፒንሳውን አንስቶ ወጣ። በመስኮት ስታየው ያንን ጫፍ ቆረጠ፤ በዚያ አላበቃም፣ የአጥሩን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር እያጠፈና እየቆረጠ ሄደ። በየመሀሉ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። ወጥታ ልታባብለው አልፈለገችም። ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ ለኦቶ አስጠጋችለት፤ ፊቱን አዞረባት። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አዞረባት።

ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ዌንደል ተመልሶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ጣቱን መረቁ ውስጥ ነከረ። ኦቶ አሸተተው፣ ላሰው፣ አንገቱን ወጠር አድርጎ አንድ ጊዜ ዋጠ። ከዚያ ደግሞ ዋጠ። ማስቲሹን ከቀባው ጣት ላይ። ማርሊስ በዚህም ተናደደች፤ እየተናደደች እንባዋ ወረደ።

ቀዩን ማሰሪያ ጭኑ ላይ ጣለችለት። "አንገቱ ሲድን ይሄን ታስርለታለህ።"

ዌንደል ዘለበቱን ሳብ አደረገው፤ ቀጭ ብሎ ተፈታ። "ደግሞ አጥሩ ላይ ወድቆ ባገኘውስ?" አለ በቀስታ።

"ደስ ይበልህ" አለችው። "አሁን ተነሥና ያንን ማስቲሽ አምጣልኝ፤ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምጥለው።"