የስፒናዋ ሦስተኛ እግር

እኔ ሸዋንግዛው፣ ቁጡ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መቱ ከተማ ውስጥ ቱቦ የምሠራው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ እየተቆጣሁበትም ሰው እኔን መጥራቱን አይተውም። በ1961 ክረምት የእትዬ ሮማነወርቅ ሆቴል የወጥ ቤት ቱቦ ድፍን ብሎ አረፈው። ለሐምሌ አሥራ ስድስት፣ ለጃንሆይ ልደት፣ እዚያ ግብዣ አለ፤ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት ቱቦ መጥረጊያ መኪና ነበረችኝ። በኤሌክትሪክ የምትዞር ከበሮ ናት፤ ከውስጧ ረጅም የብረት ሽቦ እየተሽከረከረ ይወጣና የተደፈነውን ይበሳል። አብሮኝ የሚሠራው የሁሩሙ ሰው መገርሳ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ጎበዝ፣ ዝምተኛ።

ጠዋት ቤቴ ሆኜ መኪናዋን ራሴ ፈተሽኳት። ሽቦው አልተጣመመም። ፔዳሏ ሲረገጥ ትዞራለች፣ እግር ሲነሳ ትቆማለች። የኤሌክትሪክ ገመዷም አልተላጠም። ስፒናዋ ሦስት እግር አላት፤ ሦስተኛዋ ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የምታወርደው ናት። "ያለሷ ብትሠራ ትሞታለህ!" እያልኩ መገርሳ ላይ መቶ ጊዜ ጮኼበታለሁ።

ሆቴሉ ስንደርስ እትዬ ሮማነወርቅ በር ላይ ቆመው ነበር።

"ሸዋንግዛው፣ ዛሬ ካልተከፈተ ጉዴ ፈላ!"

"አያጣድፉኝ እንጂ እትዬ!" አልኩና ንዴቴን ወደ መገርሳ አዞርኩት። "አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ግባና ሰካ! ሰበብ እንዳልሰማ!"

እኔ ውጭ የቱቦውን ክዳን ከፍቼ ተመለስኩ።

"ሰካህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሁሉም ደህና ነው?"

"ደህና ነው ጋሼ።"

ሄጄ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም፤ ልቤ ቱቦው ላይ ነበር።

መገርሳ የቆዳ ጓንቱን አድርጎ ሽቦውን ያዘና ፔዳሏን ረገጠ። ወለሉ ላይ ቆሻሻው ውሃ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ሞተሯ ውስጥም ሰርጎ ኖሯል፤ ጓንቱም ርሷል። "ዋቃዮ!" ብሎ አምላኩን ጠራ፤ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ መላ አካላቱ ተንቀጠቀጠ። እጁ ሽቦውን አልለቅ አለው። እግዚኦ! ሶኬቱ በር አጠገብ፣ በደረቁ በኩል ነበር፤ እንደምንም ደርሼ ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩት። መገርሳ ውሃው ላይ ተዘረረ።

እጄ ላይ የቀረችውን ስፒና አየሁ። ሁለት እግር! ሦስተኛዋ ከሥሯ በመጋዝ ተቆርጣለች፤ የተቆረጠችበት ገና ያብረቀርቃል። ክው አልኩ። ለካ የግድግዳው ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ቢነግረኝ ኖሮ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ካለበት ከሆቴሉ ሞተር ቤት በረጅም ገመድ እንስብ ነበር፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ናት።

ከእትዬ ሮማነወርቅ ጋር ጎትተን ደረቅ ቦታ አወጣነው። ደረቱን ስጫን፣ ስጫን፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል ሳለና ተነፈሰ።

"መገርሳ! ወንድሜ! አለህ?"

ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"ጋሼ... ይማሩኝ። እግሯ አልገባ አለችኝ።"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

"አይገባም ብልዎት ይቆጣሉ ብዬ... ቆረጥኳት።"

ያን ሁሉ የጮህኩት እኮ እንዳይሞትብኝ ነው! ፊቱ ላይ ያለውን ጭቃ ልጠርግለት ብዬ እጄን ሰደድኩ። መገርሳ የተቃጠለ እጁን አንስቶ ፊቱን ከለለ።