መታወቂያ ጠያቂው

ሳፊያ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስትቀጠር ገና ልጃገረድ ነበረች። በሩን የሚጠብቀው ሙዓዊያ የሚባል ዘለግ ያለ ጎረምሳ ነው። ሌላውን ሠራተኛ ዝም ብሎ እያሳለፈ እሷ ስትደርስ፣ «መታወቂያ!» ይላል። ተቀብሎ ፎቶዋን ያያል፣ ቀና ብሎ እሷን ያያል፣ ስሟን ጮክ ብሎ ያነባል።

«ወላሂ ይሄ ሰውዬ መልኬን መያዝ አቃተው!» እያለች ታማርር ነበር። ኋላ ሽማግሌ ልኮ አገባት።

ዘንድሮ እሱ ጡረታ ወጥቶ ደሴ ቤታቸው ተቀምጧል፤ በሩ ላይም ካርድ የሚያነብ ማሽን ተተከለ። ሳፊያ አዲሱን ካርዷን ጠጋ ስታደርገው ጢጥ አለና በሩ ተከፈተላት። ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

ቤቷ ስትገባ ለባሏ ነገረችው።

«ማሽኑ ካንተ ይሻላል። ባንዴ ለየኝ።»

ሙዓዊያ ሳቀ። «እኔስ መች ጠፋሽኝ? ገና ከአስፋልቱ ማዶ ስትመጪ ነበር የምለይሽ።»

«ታዲያ ለምን ታስቆመኝ ነበር?»

«ትንሽ እንድትቆዪልኝ ነዋ!»

ሳፊያ ድሮም ጠርጥራ ነበር፤ ከአፉ ሲወጣ የሰማችው ግን ገና ዛሬ ነው።