ተረካቢ ያጣ ጀሪካን

ሙላው እባላለሁ፤ ቆቦ አስፋልቱ ዳር ቀለም ቀቢ ነኝ። የሱቅ ሰሌዳ፣ የባጃጅ ጥቅስ እጽፋለሁ፤ ያዘዘኝ ሲገኝ ደግሞ ሥዕል እሥላለሁ። ብሩሽ ያጠብኩበትን እጣቢ ለዓመታት ከቤቴ ጀርባ ስደፋ ማንም ምንም አላለኝም። አምና የጎረቤቴ የእትዬ ደብሪቱ ላም ከዚያው ጠጥታ ሞተች። እትዬ አልከሰሱኝም፤ "ቀኗ ደርሶ ነው" ብለው ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን የቀረቻቸው አንዲት ጊደር ናት። ከእንግዲህ ጠብታ አልደፋም ብዬ በሚካኤል ማልኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ የቆሻሻ አያያዝ ሥልጠና ተጠራሁ። አሠልጣኙ ቆሻሻውን ለዩ፣ ክደኑ፣ ለሚመለከተው አካል አስረክቡ አለን። እኔ ሞኙም እጣቢዬን በቢጫ ጀሪካን ስድስት ወር አጠራቀምኩ። ቀለሙ ወደ ታች ዘቅጦ ተጋገረ፤ ላዩ ኩልል ያለ ውሃ ሆነ። የከተማውን ሰሌዳ ሁሉ የምጽፍ ሰውዬ የገዛ ጀሪካኔ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልጻፍኩም፤ መርዝ ያጠራቅማል የሚለኝን የሰው አፍ ፈራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ ጭኜው ወደሚመለከተው አካል፣ ወደ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ከግቢው በር ላይ "መርዛማ ቆሻሻ መድፋት በሕግ ያስቀጣል" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጀሪካኑ ሩብ የዚያው ሰሌዳ እጣቢ ነው። ዘበኛው ይዤው እንዳልገባ ስለከለከለኝ በሩ ጥግ አስቀመጥኩት።

ኃላፊው ዮናስ ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ ጨዋ ሰው ነው። በጨዋ ደንብ አስረዳኝ፤ መድፋት የሚከለክል መመሪያ አለ፣ መረከብ የሚፈቅድ ግን የለም። ወደፊት የማስወገጃ ማዕከል ይሠራል አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እስከዚያ ምን ላድርገው ብዬ ብጠይቀው፣ ጉዳዩን የሚያጠናው ግብረ ኃይል አሁን ስብሰባ ስለሚገባ ነገ እንድመለስ ነገረኝ።

ደሜ ፈልቶ ስወጣ ጀሪካኔ የለም።

ለካ ውሃ የመጣበት ቀን ነው። እኛ ዘንድ ውሃ በመጣ ቀን ሰው አይሰለፍም፤ ጀሪካን ይሰለፋል። ባለቤቱ ዞር ቢል እዚያ ያለው ሰው ይገፋለታል፣ ይሞላለታል፣ ደጁ ድረስም ወስዶ ያስቀምጥለታል። ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ቦኖ ሥር ያ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። የእትዬ ላም ዓይኔ ላይ መጣች። ተራ የምትጠብቅ ሙሚና የምትባል ሴት አግኝቼ ብጠይቃት፣ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ቆንጅት ሰዎች የራሷን ጀሪካን ሞልተው ያስቀመጡላት መስሏት ይዛው እንደገባች ነገረችኝ።

የስብሰባውን በር በእግሬ ከፈትኩት። ስድስት የግብረ ኃይል አባላት፣ ስድስት ሙሉ ብርጭቆ። ዮናስ የሱን ከንፈሩ ጋ አድርሶታል። በቆቦ ሙቀት ውሃ አሽትቶ የሚጠጣ የለም።

"አቶ ዮናስ፣ ያስቀምጡት። የብሩሼ እጣቢ ነው" አልኩት።

ብርጭቆው ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ከዚያ ዮናስ ፊቱ አመድ መስሎ ቆንጅትን ጠራትና ጥግ የቆመውን ጀሪካን አሳያት።

"ውሰጂና ውጭ ድፊው።"

የት ብላ ጠየቀችው። በመስኮቱ ጠቆማት፤ ከሰሌዳዬ ሥር።

አልሸሹም፣ ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ጀሪካኑን ከእጇ ነጠቅኩና ስድስቱንም ብርጭቆ መልሼ ገለበጥኩበት። ዮናስ ዳግመኛ መርዝ ወደ መንግሥት ቢሮ ባመጣ እንደምከሰስ አስጠነቀቀኝ፤ ማስጠንቀቂያውም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ሰፈሬ ስደርስ የእትዬ ደብሪቱ ጊደር አንገቷን አስግጋ ጀሪካኑን ልታሸት መጣች። ትከሻዬ ላይ አውጥቼ አሳለፍኩት፤ ቤት አግብቼም በቀይ ቀለም "መርዝ" ብዬ ጻፍኩበት። ብሩሹን ያጠብኩበትን እዚያው ጨመርኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"አልተቀበሉህም፣ ሙላው?"

"ተቀብለው ነበር፣ እትዬ። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው።"